ገናሌ ዳዋ 3 እና ባለሙያዎቹ

የገናሌ ዳዋ 3 የውሃ ኃይል ማመንጫ በባሌና በጉጂ መካከል በሚፈሰው የገናሌ ወንዝ ላይ ይገኛል። ጥር 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። 110 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ሙሌት ግድቡ በዝናብ ወራት ከደጋ የሚወርደውን ውሃ ለደረቁ ወራት ያቆያል።

ውሃው ከ12 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ዋሻ ተጉዞ 3 ተርባይኖችን ያሽከረክራል። የኃይል ፍላጎት ሲጨምር በተርባይኑ ዙሪያ ያሉት መሪ ክንፎች ይከፈታሉ፤ ሲቀንስ ይጠብባሉ። በዚህም የአገሪቱ መረብ በሴኮንድ 50 ዑደቱን እንዲጠብቅ ጣቢያው ያግዛል።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚደነቀው ሌት ተቀን የማይቋረጠው ጥበቃ ነው። ማንኛውም የድንጋይ ሙሌት ግድብ ጥቂት ውሃ ያሰርጋል። ጠባቂ ባለሙያው መጠኑን ይለካል፤ መልኩንም ያያል። ጥርት ያለ ስርገት ብዙም አያሰጋም፤ የደፈረሰ ግን ከውስጥ አፈር እየታጠበ መሆኑን ስለሚጠቁም ወዲያው ይመረመራል። የማስተንፈሻ በሮችም ጎርፍ ሳይመጣ ይፈተሻሉ።

ይህ ትጋት ባይኖር አደጋው በወንዙ ግርጌ ለሚኖረው ሕዝብ፣ ገናሌ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ የጁባን ወንዝ እስከሚፈጥርበት ዶሎ አካባቢና ከዚያም አልፎ ሶማሊያ ድረስ በተረፈ ነበር። ጣቢያው ራሱ ባይኖር ደግሞ የአገሪቱ መረብ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለውን ትልቅ የኃይል ምንጩን ያጣ ነበር።