ጋላቢ የሌለው ፈረስና ባዶው ገጽ

ሥዕልም ሆነ የተቀረጸ ምስል የተመልካቹን ዓይን የሚመራው በሚያሳየው ነገር ብቻ አይደለም፤ ሳይሠራ በሚተወውም ነገር ጭምር ነው። ዛሬ በጋዜጣ ገጽ፥ በመንገድ ዳርና በስልክ ላይ የምናያቸው የንግድ ማስታወቂያዎች ሠሪዎች ይህን ምስጢር አጥርተው ያውቁታል። ከዚህም የተነሣ የማስታወቂያ ሥዕል የጥንቱ የሃይማኖት ጥበብ ወራሽ ነው እስከ ማለት የሚደርሱ ሰዎች አሉ። እኛም ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር፥ የጥንቱን የቡድሃ ሃይማኖት ቅርጽና የዘመኑን ማስታወቂያ ጎን ለጎን አቁመን፥ በሁለቱም ዘንድ ባዶ ቦታ ምን እንደሚሠራ እንመለከታለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመካከለኛው ህንድ፥ ሳንቺ በተባለች ስፍራ፥ ስቱፓ የሚባል ጉልላት መሰል ታላቅ ሐውልት አለ። ሐውልቱን መጀመሪያ ያሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነገሠው አሾካ ነው፤ በኋላ ሰፍቶ ከዳር እስከ ዳር ወደ 36 ሜትር ይደርሳል። በዙሪያው የቆሙት አራቱ የድንጋይ በሮች የተቀረጹት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። በምሥራቁ በር መካከለኛ አግዳሚ ላይ ልዑል ሲዳርታ ቤተ መንግሥቱን ትቶ የመነነበት ሌሊት ይታያል። ፈረሱ ከከተማው በር ወጥቶ፥ ያው አንዱ ፈረስ ደጋግሞ ተቀርጾ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ይራመዳል፤ በላዩም የክብር ጃንጥላ ተይዞለታል። በጀርባው ላይ ግን ማንም የለም። በቀኙ ዳር ጃንጥላው ከፈረሱ ተለይቶ በሁለት የእግር አሻራዎች ላይ ይታያል፤ ሎሌውም በፊታቸው ተንበርክኳል። ከዚያ በታች ፈረሱ ያለ ጃንጥላ ወደ ከተማው ይመለሳል። ልዑሉ ከፈረስ መውረዱንና ዓለምን መተዉን የሚነግረን የጃንጥላው መዛወር ብቻ ነው።

ፈረንሳዊው ሊቅ አልፍሬድ ፉሼ እንዲህ ያሉትን ቅርጾች፥ ባዶውን ዙፋን፥ ዛፉንና መንኰራኩሩን፥ የቡድሃን አካል ላለማሳየት የተመረጡ ምልክቶች ናቸው ብሎ ተርጉሟቸው ነበር። ሱዛን ሃንቲንግተን የተባለች አሜሪካዊት ምሁር ደግሞ በ1990 ይህን ትርጓሜ ተቃውማ፥ ብዙዎቹ ምእመናን የተቀደሱ ስፍራዎችን ሲሳለሙ የሚያሳዩ ናቸው ብላ ጽፋለች። ከሁለቱ የትኛውም ቢያሸንፍ ግን አንድ ነገር አይለወጥም፤ ባዶውን ቦታ የሚሞላው ተመልካቹ ራሱ ነው። ለዚህም ትምህርት ያስፈልገዋል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ፥ ክፉው በአንድ ዓይኑ መሣሉ ላልተማረ ሰው ምንም እንደማይነግረው፥ የሳንቺ ፈረስም ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ባለቤት አልባ ፈረስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማስታወቂያው እንመለስ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀርመናዊው ሉሲያን በርንሃርድ በበርሊን ለክብሪት ንግድ በሠራው የግድግዳ ማስታወቂያ ላይ የሚታዩት ሁለት የክብሪት እንጨቶችና የድርጅቱ ስም ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ጠቆር ያለ ባዶ መደብ ነው። በ1959 ደግሞ ዶይል ዴን በርንባክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት፥ በሠዓሊው ሄልሙት ክሮንና በጸሐፊው ጁልያን ኬኒግ እጅ፥ ለቮልስዋገን መኪና ያወጣው ማስታወቂያ ገጹን ከሞላ ጎደል ባዶ ትቶ፥ መኪናዋን እጅግ አሳንሶ ወደ አንድ ወገን አስቀመጣት። ትልቅና ረጅም መኪና በሚወደስበት አገር ትንሽነትን በትንሽ ሥዕል ማሞገስ ድፍረት ነበር። አድቨርታይዚንግ ኤጅ የተባለው የሙያው ጋዜጣ በ1999 ይህን የማስታወቂያ ዘመቻ ከመቶ ዓመቱ ሁሉ አንደኛ ማለቱ አያስደንቅም። እኛም ሥራውን እናደንቃለን፤ ጩኸት የለበትም፥ የተመልካቹንም ብልህነት ያከብራል።

ነገር ግን ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በቮልስዋገን ገጽ ላይ ባዶው ቦታ አገልጋይ ነው፤ ሥራው ዓይናችንን ወደ መኪናዋ ማድረስ ነው፤ ካደረሰንም በኋላ ሥራው አለቀ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍም የነዳጁን ቁጠባና የማቆሚያውን ቦታ ማነስ ነግሮን፥ የቀረውን ጥያቄ ሁሉ ይዘጋዋል። በሳንቺ ግን ዓይን ፈልጎ የሚያገኘው ዕቃ የለም። ፈረሱ፥ ጃንጥላውና አሻራው ሁሉ የሚያመለክቱት ንብረቱን ጥሎ ወደ ሄደ ሰው ነው። አንደኛው ባዶነት ገንዘብ እንድናደርግ ይጠራናል፤ ሁለተኛው መተው ምን እንደ ሆነ እንድናስብ ያቆመናል። የአቀማመጡ ዘዴ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ዓላማው ግን ፊትና ኋላ ነው።

ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሠሪ ምን እንደሚደርስበት በምያንማር ታይቷል። በታኅሣሥ 2014 በያንጎን ከተማ የሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ደንበኞችን ለመጥራት፥ የጆሮ ማዳመጫ ያደረገ የቡድሃ ምስል በደማቅ ቀለማት አስጊጦ በኢንተርኔት አወጣ። በመጋቢት 2015 ሦስት ሰዎች ሃይማኖትን ሰድባችኋል በሚል በሁለት ዓመት ተኩል እስራትና በከባድ ሥራ ተቀጡ። ለአንድ ሥዕል እንዲህ ያለ ቅጣት መፍረድ በእኛ አስተያየት ከፍርድ ይልቅ ለበቀል የቀረበ ነው። ሆኖም የቅጣቱ ክፋት ሥዕሉን መልካም አያደርገውም። በ5ኛው መቶ ዓመት በሳርናት የተቀረጸውን፥ የመጀመሪያውን ስብከት የሚያሳየውን የቡድሃ ምስል ያየ ሰው የጆሮዎቹን ርዝመት ያስተውላል። ጆሮዎቹ የረዘሙት ልዑል በነበረ ጊዜ ባጠለቃቸው ከባድ ጉትቻዎች ነው ተብሎ ይተረጎማል፤ አሁን ግን ጉትቻ የለባቸውም። ይህ የተተወ ሀብት ምልክት ነው። ማስታወቂያው የተራቆተውን ጆሮ መልሶ በሚሸጥ ዕቃ ሸፈነው፤ በዚህም ምልክቱን ሳያውቀው ገለበጠው።

እንግዲህ ማስታወቂያ የጥንቱን ጥበብ ዘዴ ወርሷል ቢባል አንከራከርም፤ ምስጢሩን ወርሷል ቢባል ግን አንቀበልም። በሥዕል ትምህርት የተሰማሩ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን የመስመርና የቀለም አደራደር ብቻ ከማስተማር አልፈው፥ በአንድ ሥዕል ፊት ሲቆሙ፦ ዓይኔን ወዴት መራው? ካደረሰውስ በኋላ ምን እንዲያደርግ ተወው? ብለው እንዲጠይቁ ቢያለማምዷቸው መልካም ነው። በዚህ ጥያቄ የሠለጠነ ተማሪ የቮልስዋገንን ገጽ በተገቢው ልክ ያደንቃል፤ ጋላቢ በሌለው ፈረስ ፊት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማል።