«ምድር»ና «ዝገት»፦ በኤሌክትሪክ መመሪያዎች ትርጉም ላይ የቀረበ ትችት

የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ለውጭ ስያሜ የአማርኛ አቻ መፈለግ ለተርጓሚው ቀሎታል። ይሁን እንጂ አንዱ የውጭ ቃል ሁለት ነገር በሚሰይምበት ጊዜ አንድ አቻ አይበቃም። «ግራውንድ» ለዚህ አስረጅ ነው። በመመሪያዎች ዘንድ «ከመሬት ማገናኘት» ተብሎ መተርጐሙ የተለመደ ሲሆን፣ ስለ ቤት መስመር ሲነገር እንከን የለውም፤ ሽቦው በእርግጥ መሬት ውስጥ ወደ ተቀበረ ዘንግ ይወርዳልና።

በገለጉና በመተማ ቆላ ሰሊጥ የሚዘራበትን ማሳ የሚያርሰውን ትራክተር ብንመለከት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትራክተሩ በጎማ የቆመ ነው፤ የባትሪው ነጌቲቭም የሚያያዘው ከአካሉ ጋር እንጂ ከአፈር ጋር አይደለም። ጣሊያንኛ ይህን ለይቶ «ማሳ» ይለዋል። ጋራዦቻችን ካንዴላንና ፍሪሲዮንን እንደ ወሰዱ ይህንንም እንውሰድ ቢባል፣ ከገበሬው ማሳ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የመጀመሪያውን «ምድር ማስያዝ»፣ ሁለተኛውን «ከአካል ማገናኘት» ብሎ መለየት ይበጃል እንላለን።

የከፋው ስሕተት ያለው «ዝገት» ላይ ነው። በማጠፊያ የሚከፈት የአሉሚኒየም መዝጊያ ያለው የመቆጣጠሪያ ሣጥን ቢኖር፣ «ዝገቱን ፍቀህ ሽቦውን እሰር» የሚል ትእዛዝ ከንቱ ነው። በአማርኛ የሚዝገው ብረት ነውና አንባቢው የሚያብረቀርቀውን መዝጊያ አይቶ የሚፋቅ ነገር የለም ይላል። ዳሩ ግን አሉሚኒየም አየር እንደ ነካው ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር የሆነ፣ ለዓይን የማይታይና ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሽፋን ይለብሳል። ተፍቆም ቢሆን ወዲያው መልሶ ይለብሳል። ስለሆነም «የኦክሳይድ ሽፋን» ብሎ መጻፍና ፍቆ ሳይዘገዩ የመገናኛ ቅባት ቀብቶ ማጥበቅ እንደሚገባ መግለጽ ያስፈልጋል።

«እሰር» የሚለው ግስም የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ይዘነጋል። ማጠፊያው ራሱ አስተማማኝ መተላለፊያ ስላልሆነ፣ ለመዝጊያው የሚተጣጠፍ የተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ ይፈለጋል። የሚሽከረከር ዘንግ ግን ሽቦውን ጠምዝዞ ስለሚበጥሰው እላዩ ላይ የሚንሸራተት ካርቦን ይሻል። «ተጣጣፊ ግንኙነት» እና «ተንሸራታች ግንኙነት» ብንላቸው ልዩነቱ ይታያል።

በመዝጊያው ላይ ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ አደጋው የሚደርሰው እጀታውን በሚይዘው ሰው ላይ ነው። ተርጓሚው ስያሜውን ከመዝገበ ቃላት ከማውጣቱ በፊት ክፍሉ ቋሚ ነው ወይስ ተንቀሳቃሽ፣ ብረት ነው ወይስ አሉሚኒየም ብሎ ባለሙያውን ይጠይቅ።