ዜማ ሲጠየቁ ቅኔ ይዘው የመጡ

«ጋሼ፣ እንዴት ሰው ስፒልበርግን እንቢ ይላል?» አለኝ አዲሱ ረዳቴ። መብራት ሄዶ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ቁጭ ብለናል። የጄምስ ቦንድን ፊልም ለመሥራት ለጥቂት ያመለጣቸውን ዳይሬክተሮች ታሪክ አንብቦ ኖሮ፣ በደሉ በገዛ ወንድሙ ላይ የተፈጸመ ይመስል ተንገብግቧል። «ደግ አደረጉ!» አልኩት። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ቀረጻውም አለቀ፤ ልጁ ግን እስከ ዛሬ አልበረደለትም።

የጋይንት ሰው ነኝ፤ ነገሩን የማየውም ከዚያው ነው። በእኛ አገር ዜማና ቅኔ ቤታቸው ለየቅል ነው። ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይወርዳል። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ደግሞ ከየትም ይነሳ ከየት ወደ እኛው ቤተ ልሔም ይመጣል። የቅኔ ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግም መሳቂያ ነው። የድጓ ተማሪ ግን ድፋቱን ቅናት ቢያደርገው፣ አንዲት ርክርክ ከራሱ ቢጨምር፣ የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተመለስ!» ይሉታል። የዜማ ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳበጇቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ ተቀባይ ነው። እኔ ድጓውን ሳልጨርስ ወደ ካሜራ ኮብልያለሁ፤ «ተመለስ!» የምትለዋ ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀርታለች።

ቦንድም የዜማ ቤት ነው። ቴሬንስ ያንግ የመጀመሪያውን ፊልም በ1962 ሠራ (ዓመቶቹን በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ጉዳዩም የነሱ ነው)። የጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ የሚራመደው ሰውዬ፣ የሞንቲ ኖርማን ዜማ፣ ትንሽ ቆይቶም ከርዕሱ በፊት የምትመጣው ትዕይንት፣ ሁሉም ምልክት ሆነው ጸኑ። ድጓውን ይዘው የተቀመጡት ፕሮዲውሰሮቹ ናቸው፤ በኋላም አልበርት ብሮኮሊ ብቻውን። ስፒልበርግ በሰባዎቹ ዓመታት ቦንድ ልሥራ ብሎ ጠየቀው፤ ብሮኮሊ አልፈለገም። በ1977 ሃዋይ ላይ ጆርጅ ሉካስ «ከቦንድ የሚሻል አለኝ» ብሎ ለስፒልበርግ የኢንዲያና ጆንስን ሐሳብ አጫወተው። የተከለከለው ሰው የራሱን ደብር ተከለ። በ1989 ደግሞ የመጀመሪያውን ቦንድ ሾን ኮነሪን የኢንዲያና አባት አድርጎ አመጣው፤ ይህችን ተንኮል እወድለታለሁ። ብሮኮሊም ቢሆን ዝም አላለም፤ በ1979 በ«ሙንሬከር» ውስጥ አንድ በር የሚከፈተው በስፒልበርግ ፊልም አምስት ድምፆች ነው። ሰውየውን ከበር መልሰው ዜማውን አስገቡት።

ታዲያ ምስክርነቱን ማን ወሰደ? ጆን ግሌን! ረዳቴ ስሙን ሰምቶት አያውቅም። ግሌን የመጣው ከኤዲቲንግ ክፍል ነው፤ ከእሱ በፊት ፒተር ሀንት እንደዚሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች ሲቆርጥ ቆይቶ በ1969 ዳይሬክተር ሆነ። የ1977ቱን የቦንድ ፊልም መክፈቻ አስታውሱ፤ ግሌን ነው ካናዳ ድረስ ሄዶ የቀረጸው። ሰውየው በበረዶ ሸርተቴ ከአስጋርድ ተራራ አፋፍ ይወረወራል። ሙዚቃው ይቆማል። ይወድቃል፣ ይወድቃል፣ አሁንም ይወድቃል። ሸርተቴዎቹ ከእግሩ ይላቀቃሉ፤ አንደኛው እየተገለባበጠ ሄዶ የሚከፈተውን ጃንጥላ ይነካል፤ ልብ ብሎ ላየ ፊልሙ ላይ አለ። ከዚያ የእንግሊዝ ባንዲራ የተሣለበት ጃንጥላ ይዘረጋል፤ የቤቱ ዜማም ይመለሳል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ያችን ዝምታ በከበሮ ይሞላት ነበር፤ ወይም ሰውየው ሲወድቅ ፊቱን ያሳየን ነበር። ግሌን ጃንጥላው እስኪዘረጋ ጠበቀ። ከ1981 እስከ 1989 በተከታታይ አምስት ቦንድ የሰጡት ለዚህ ነው ባይ ነኝ። ታላላቅ ፊልሞች አይደሉም፤ ይህን ረዳቴም አይክደኝም፣ እኔም አልክደውም። ዜማው ግን አልተሰበረም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ሂችኮክ ገና ከመነሻው በ1959 ታስቦ ነበር። የእሱ «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» በዚያው ዓመት ወጣ፤ የቦንድ ፊልም ሠሪዎችም በ1963 ሰውን በሄሊኮፕተር ሜዳ ለሜዳ ሲያሳድዱ የማን ዘዴ እንደሆነ ማንም አልጠፋውም። ታራንቲኖ «ካዚኖ ሮያል»ን ከፒርስ ብሮስናን ጋር ልሥራ ብሎ ነበር፤ ማርቲን ካምቤል ሠራው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዳኒ ቦይል በ2018 ተሾመ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በሐሳብ አልተስማማንም ተብሎ ተለያዩ፤ ፊልሙን ኬሪ ፉኩናጋ ጨረሰው። የሚገርመው ቦይል በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ቦንድን ከንግሥቲቱ ጋር አሰልፎ በጥቂት ደቂቃ ሠርቶታል። እኔን ብትጠይቁኝ ያችው ትበቃው ነበር።

ረዳቴ እዚህ ላይ ይቆጣል። «ታዲያ ዳይሬክተር ምን ሊሠራ ተቀጠረ? ደብተራ ነው እንዴ?» ይላል። አዎ፣ ደብተራ ነው! ደግሞስ ደብተራ መሆን ምን ነውር አለው?

ሩቅ ሳንሄድ ከደጃችን ምሳሌ አለ። «ሻፍት» የተባለውን ፊልምና ተከታዩን ጎርደን ፓርክስ በ1971 እና በ1972 ሠራቸው፤ የሃርለምን አስፋልት፣ የአረማመዱን ምት ያወጣው እሱ ነው። ሦስተኛው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በ1973 ሲመጣ ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን ሆነ፤ መርማሪው ሻፍትም እንደ ሰላይ ተደርጎ ወደ እኛ አገር ተላከ። የእኛው ደበበ እሸቱ አለበት፤ በእሱ የማይኮራ የለም። ግን ፊልሙን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት፤ ቤቱን ያቆመው ሰው ሄዷል፣ የመጣውም የቤቱን ምልክት አላጠናም። ኢትዮጵያ ያማረች መልክዓ ምድር ሆና ቀረች፤ ሻፍትም ሻፍትነቱን ኒውዮርክ ረስቶት መጣ። ከዚያ ወዲያ ለሲኒማ ሌላ ሻፍት እስኪሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ።

በዚያው ሰሞን፣ በ1974፣ የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ ከአሜሪካ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ረዳቴ ኃይሌን እየጠቀሰ ሊያሸንፈኝ ይሞክራል፤ አልሸነፍም። ኃይሌ ባለ ቅኔ ነው። የማንንም ድጓ ተቀብሎ አያውቅም። በ1993 «ሳንኮፋ»ን አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ሲያጣ፣ ራሱ ከከተማ ከተማ ይዞት ዞረ። ለቅኔ ቤት የሚከፈለው ዋጋ ይኸ ነው፤ ከፈለ፣ አገኘ። የማልወደው ደመወዙን ከዜማ ቤት እየበላ ቅኔ ልቁጠር የሚለውን ነው።

እኔ ራሴ የቴሌቪዥን ድራማ ከሌላ ሰው እጅ መሀል ላይ ተረክቤ አውቃለሁ። የበፊቱን ክፍሎች ድምፁን ዘግቼ ደጋግሜ አየሁ። ዳይሬክተሩ እናትየዋ ስትናገር ፊቷን አያሳይም፤ ካሜራው ሁልጊዜ ሰሚው ልጅ ላይ ነው። ተናግራ ስትጨርስ ብቻ ወደ እሷ ይመለሳል፤ እጆቿ ነጠላዋን ሲያስተካክሉ ይይዝና ይቆርጣል። አንዴም አልዘለለም። ይችን ያዝኩ። አንድ ቀን ተዋናይቷ «ጋሼ፣ ይህን ለቅሶ እንኳ ፊቴን አሳየው እንጂ» ብላ ለመነችኝ፤ ልቤ ራርቷል፣ ግን እንቢ አልኩ። ተመልካቹ ዳይሬክተር መቀየሩን ሳያውቅ ድራማው አለቀ። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። አባቴ ቤተ ልሔም ያስመሰከረ ሰው ነበር፤ በማኅሌት ድምፁን ከሌላው ለይቼ አላውቀውም ነበር፣ እሱም እንድለየው አይፈልግም። ልጁ ሲኒማ ገባ ሲባል አዝኗል። እንዲህ ያለውን ሥራዬን ባየው ግን ሙያዬ ከሙያው እንዳልራቀ ይገባው ነበር ብዬ አስባለሁ።

አሁን ክርክራችን አዲስ መልክ ይዟል። በ2025 የብሮኮሊ ልጅና ወንድሟ የቦንድን የፈጠራ ሥልጣን ለአማዞን ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ዴኒ ቪልነቭ ተሾመ። እሱም ቀደም ሲል ተጠይቆ በ«ዱን» ምክንያት ያለፈ ነው፤ ለጥቂት ቀርቶት የተመለሰ ማለት ነው። ረዳቴ «ይኸው፣ ቅኔው ሊገባ ነው!» ብሎ ጨፈረ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ሰውየው ምልክቱን ቢስት «ተመለስ!» የሚለው ማን ነው? ለማንኛውም በአንድ ኪሎ ቁርጥ ተወራርደናል። የጠመንጃው አፈሙዝ በቦታው ካለ እሱ ይከፍላል፤ ከሌለ እኔ።