አበባ የደፉ ላሞች

ከእንግዲህ ማንም ሰው ፓሪስ ደርሼ መጣሁ ብሎ ቢያወራልኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሻርሜንስ አየሃት?» አላየኋትም ካለኝ ገና ነው! ፈረንሳይኛ በሚነገርበት ምድር መፀው ምን እንደሚመስል አልቀመሰውም። እኔም እስካለፈው መስከረም ድረስ ስሟን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ እሷን ካላወራሁ የምታመም ሆኛለሁ። ታገሱኝ።

ጉዱን ያመጣችው ሎዛን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት። የመስቀል ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ፣ እግረ መንገዴን በባቡር ወደ ፓሪስ ልሻገር ትኬት ልቆርጥ ስል፣ «ጋሼ፣ ፓሪስ የትም አትሄድብህም፤ ቅዳሜ ላሞች ላሳይህ» አለችኝ። ላሞች! ደብረ ብርሃን አካባቢ ጥጃ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ላም ለማየት ስዊዘርላንድ ድረስ? ከት ብዬ ሳቅሁባት። ያንን ሳቄን መልሼ ውጬዋለሁ።

ቅዳሜው መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር፤ መስቀል! ከሎዛን በባቡር ቡል ገባን፤ ከቡል ደግሞ አውቶቡስ ይዘን በፍሪቡር ካንቶን፣ ግሩየር በሚሉት አገር፣ ተራራ ሥር ወደተቀመጠችው ሻርሜ ወጣን። ሰዉ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ቆሟል። እኛም ተሰለፍን።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ከመንገዱ ኩርባ ጀርባ፣ ገና ምንም ሳይታይ፣ የደወል ጎርፍ! የእኛ አገር ቃጭል ጆሮ ላይ ነው የሚቀረው፤ ይኼኛው ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያስተጋባው። ከዚያ ጥድ ሲራመድ አየሁ። እውነቴን ነው፤ ትንሽ የጥድ ዛፍ፣ አበባ ተጠምጥሞባት፣ ላም አናት ላይ ቆማ ስትመጣ! ከኋላዋ ሌላዋ፣ ከእሷም ኋላ ሌላዋ፤ ቀይ አበባ፣ ቢጫ አበባ፣ ነጭ አበባ፤ አንገታቸው ላይ ባልዲ የሚያህል ደወል። ደግሞ አረማመዳቸው! የተሞሸሩ መሆናቸውን ያውቃሉ ብዬ ብምል አይፈረድብኝም። አንዷ ቢጫ አክሊሏን ደፍታ በአጠገቤ ስታልፍ አደይ አበባ ትዝ ብሎኝ፣ በመስቀል ቀን፣ ስዊዘርላንድ መሃል፣ ሳላስበው እልል አልኩ። ወንድ ልጅ እልል! የእህቴ ልጅ በኀፍረት ሞተች። አጠገባችን የቆሙት አሮጊት ግን አጨበጨቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ በረዶው ሲቀልጥ እረኞቹ ከብቱን ይዘው ወደ ተራራው አናት ይወጣሉ። በጋውን እዚያው እያስጋጡ፣ እያለቡ ይከርማሉ። መፀው ሲገባ ሣሩ ያልቃል፣ ብርዱ ይበረታል፣ ይወርዳሉ። ፈረንሳይኛው ይኼን መውረድ ዴዛልፕ ይለዋል፤ የግሩየር ሰዎች ግን በራሳቸው የጥንት ቋንቋ ሬንድያ ማለቱን ይመርጣሉ። በሻርሜ ልማድ ቀኑ የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። እረኞቹ፣ አርማዪ የሚባሉት፣ ኤዴልቫይስ የተባለው የተራራ አበባ የተጠለፈበት፣ እጅጌው አጭርና የተነፋ ካባ ለብሰው፣ በጎናቸው የቆዳ ኮሮጆ አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት። ኮሮጆው ውስጥ ምን ያለ ይመስላችኋል? ጨው! ላሞቹ የሚልሱት ጨው። ይኼን ስሰማ አባቴን አሞሌ ይዞ በረት ደጃፍ ቆሞ ያየሁት መሰለኝ።

በዚያ በጋ የታለበው ወተት ሳይፈላ፣ ጥሬውን፣ እዚያው ተራራ ላይ በመዳብ ጎላ ተደርጎ በእንጨት እሳት እየሞቀ ቺዝ ይሆናል። 35 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ክብ የግሩየር ቺዝ 400 ሊትር ያህል ወተት ትፈልጋለች። የእናቴ ላም በደህና ቀን ሦስት ሊትር ትሰጥ ነበር፤ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ለአንዲቷ ቺዝ ብቻ ከአራት ወር በላይ መታለብ ነበረባት! ላሜ ቦራን በተረት ሰምቶ ያደገ ሰው፣ ላም ከነክብሯ በአደባባይ እንዲህ ስትመሰገን አይቶ ዝም ማለት ይችላል? አይችልም።

ዩኔስኮም ዝም አላለም። የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ ወቅት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛን መስቀል በዚያው መዝገብ ያሰፈረው ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2013 ነው። ቀድመናቸዋል!

ከሰዓት በኋላ አደባባዩ ላይ ወንዶች ተሰብስበው የእረኞቹን የጥንት ዜማ ዘመሩ። ሊዮባ ይሉታል፤ ላም መጥሪያ ነው፣ ሌላ አይደለም። ግን ምን ዓይነት መጥሪያ! ጄኔቫ የተወለደው ዣን ዣክ ሩሶ በ1768 ባወጣው የሙዚቃ መዝገበ ቃላት፣ ይኼን የመሰለ የላም መጥሪያ ዜማ በባዕድ አገር በቅጥር በሚዋጉ የስዊስ ወታደሮች መሃል መጫወት በሞት የሚያስቀጣ ክልክል እንደነበር ጽፏል፤ የሰማው ሁሉ እያለቀሰ፣ እየከዳ ወደ አገሩ ይሄድ ነበርና። ናፍቆትንም እንደ በሽታ ቆጥሮ ኖስታልጂያ የሚል ስም ያወጣለት ዮሃንስ ሆፈር የተባለ ሐኪም ነው፤ በ1688፣ እዚያው ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ። ትዝታን የኛ ብቻ አድርጌ ስኩራራ ለኖርኩት ሰውዬ ይኼ ትንሽ ያሳፍራል። ቃሉ ሳይገባኝ እንባዬ መጣ። የእህቴ ልጅ ስልኳን ስትነካካ አየኋት፤ አሥራ አንድ ዓመት ነው እናቷን በአካል ካየች።

ስለ ምግቡ ካወራሁ አልጨርስም፣ ግን ፎንዱን ሳልናገር አልሄድም። ግማሽ ግሩየር፣ ግማሽ ቫሽራን የተባለው የፍሪቡር ቺዝ፣ አንድ ድስት ውስጥ ቀልጦ፣ ሁሉም ዳቦውን በሹካ እየነከረ ከአንድ ድስት ይበላል። በአንድ ትሪ ለሚበላ ሕዝብ ይኼ ትምህርት አያስፈልገውም! መጨረሻ ላይ ድስቱ ቂጥ የሚቀረውን ፍቅፋቂ «መነኩሲት» ይሉታል፤ ይሻሙበታል። ቅዳሜ ስለሆነ ፍስክ ነው፣ እኔም ተሻማሁ። ከዚያ ሜሬንግ ከግሩየር ክሬም ጋር መጣ፤ ክሬሙ ከመወፈሩ የተነሳ ማንኪያ ያቆማል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር ደግሞ ተራራማዎቹ መንደሮች ቤኒሾን የሚባል ድግስ አላቸው፤ እርድ የገባበት የሚመስል፣ በሳፍሮን ቢጫ የሆነ ድፎ ይጋገራል። ችግሩ፣ የጽጌ ጾም ላይ ይወድቃል።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ከሎዛን ወጣ ብላችሁ ላቮን እዩ። መነኮሳት በ11ኛው ክፍለ ዘመን የጀመሩት የወይን እርከን፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እስከ ሐይቁ አፋፍ ይወርዳል። ኮንሶን ያየ ሰው ድንጋዩን ማን እንደካበው አይጠይቅም፤ ገበሬ ነው።

እንከን ካላችሁኝ፣ የዚያ አገር ዋጋ አያድርስ ነው፤ ለሁለት ሰው ምሳ የከፈልነውን በብር መንዝሬ ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኋትም። መንገዱም ላሞቹ ካለፉበት በኋላ እበት በእበት ነው። ቢሆንም እምላለሁ፣ ፓሪስ ሳልሄድ ቀርቼ ምንም አልቆጨኝም።

ለፓሪስ የወጣላችሁ የሸንገን ቪዛ ስዊዘርላንድም ያስገባል። በ2019 ዓ.ም. የሴፕቴምበር የመጨረሻው ቅዳሜ መስከረም 16 ነው፤ የደመራ ዕለት። የሚታጠብ ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ።