የጋራ ወጪ አከፋፈልና የትርፍ ፍርድ

የፋብሪካ ሒሳብ ትምህርት ለጀማሪ ተማሪ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ፥ የጋራውን ወጪ (ኦቨርሄድን) በሠራተኛው የሥራ ሰዓት ልክ ለየዕቃው ማካፈል ነው። ዘዴው ቀላል ስለ ሆነ ብዙዎቻችን ሳንመረምር እንቀበለዋለን። በዚህ ጽሑፍ ግን ዘዴው ምን ያህል እንደሚታመን ልንፈትነው አስበናል፤ ለፈተናውም ከትልቅ ፋብሪካ ይልቅ ትንሽ የሥራ ቤት መርጠናል።

ከወልድያ ወደ ወረታ የሚያልፈው መንገድ ወደ ላሊበላ በሚገነጠልባት በጋሸና የብረት በርና የእንጨት አግዳሚ ወንበር የሚሠራ ወርክሾፕ አለ እንበል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኛው አውጥተናቸዋል። የወሩ የጋራ ወጪ 30,000 ብር ነው፤ ከዚህም 18,000 ለመብራትና ለጄኔሬተር ናፍጣ፥ 12,000 ለቤት ኪራይና ለዘበኛ ይውላል። በሩ 100፥ ወንበሩ 200 የሥራ ሰዓት ይፈጃል። ከሽያጩ ላይ የጥሬ ዕቃውና የሠራተኛው ዋጋ ሲነሣ፥ በሩ 16,000፥ ወንበሩ 17,000 ብር ያስቀራል።

በሰዓት ብናካፍል ለአንድ ሰዓት 100 ብር ይደርሳል። በሩ 10,000 ተሸክሞ 6,000 ያተርፋል፤ ወንበሩ 20,000 ተሸክሞ 3,000 ይከስራል። ባለቤቱም አናጢውን ለማሰናበት ይነሣል።

ነገር ግን ናፍጣውን የሚጨርሰው ማን ነው? አናጢው በመጋዝና በመላጊያ በእጁ ሲሠራ፥ የብየዳው ማሽን ግን ያለ ኃይል አይንቀሳቀስም። ከ18,000 ብር ውስጥ 15,000ው የበሩ፥ 3,000ው የወንበሩ ነው ብንል፥ ኪራይና ዘበኛውንም እኩል ብናካፍል፥ በሩ 21,000፥ ወንበሩ 9,000 ይሸከማሉ። ያን ጊዜ በሩ 5,000 ይከስራል፤ ወንበሩ 8,000 ያተርፋል። ፍርዱ ተገለበጠ ማለት ነው።

ቶማስ ጆንሰንና ሮበርት ካፕላን በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የድርጅቶችን የወጪ ሒሳብ የነቀፉት በዚህ ዓይነት ጉድለት ነበር። የሠራተኛ ደመወዝ የወጪው ዋና ክፍል በነበረበት ዘመን የተለመደው መለኪያ፥ ማሽንና ኃይል ሲበዙ ያሳስታል።

ይሁን እንጂ ሁለተኛውንም ዘዴ ያለ ነቀፋ አንተወውም። ባለቤቱ እርሱን አምኖ በሩን ቢተው፥ ከወንበሩ 17,000 ላይ 3,000 የኃይልና 12,000 የኪራይና የዘበኛ ወጪ ሲነሣ 2,000 ብቻ ይቀረዋል፤ ሁለቱን ሲሠራ ግን 3,000 ያተርፍ ነበር። ወንበሩን ቢተውማ 11,000 ይከስራል። ምክንያቱም አንዱ ሥራ ሲቆም ኪራዩም ዘበኛውም አብረው አይቆሙም።

የመብራት መቋረጥም ሌላ ወጥመድ ያመጣል። ምርቱ በግማሽ ሲቀንስ ኪራዩን ለጥቂቱ ዕቃ ብናሸክም፥ ዕቃው ሳይለወጥ የተወደደ ይመስላል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 አገራችን የተቀበለችው የዓለም አቀፍ ሒሳብ አያያዝ ሥርዓት፥ በደረጃ ቁጥር 2 ቋሚው የጋራ ወጪ በመደበኛው የማምረት ዐቅም ልክ እንዲካፈል የሚያዝዘው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ማካፈል ለዋጋና ለመዝገብ ያስፈልጋል፤ አንድን ሥራ ለመዝጋት ግን ብቻውን አይበቃም። ከመዝጋት በፊት የሚጠየቀው፥ ሥራው ቢቀር የትኛው ወጪ አብሮ ይቀራል? የሚለው ነው። ይህን ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሒሳብ፥ ቤቱን ደግፎ ያቆመውን አናጢ እንጀራ ያሳጣዋል።