የአንድ ሸክላ ሁለት ባለቤቶች

የዘመናዊ ዘፈናችን ታሪክ በተወሳ ቁጥር ድምፃውያን ይጠራሉ፤ አቀናባሪዎች ይዘነጋሉ። የዓለማየሁ እሸቴና የግርማ በየነ ሥራ የዚህ ግድፈት ዋነኛ ምሳሌ ነው። ሁለቱ ሰዎች ስማቸውን አጣምረው «ዓለም-ግርማ ባንድ» የተሰኘ ቡድን እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ይሁንና አብዛኛው አድማጭ የሚያስታውሰው ዘፋኙን ነው።

ለመሆኑ ሥራቸው እንዴት ተጀመረ? ሸክላ የማሳተም መብት ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ አንጋፋ ማኅበር ለቲያትራችንና ለሙዚቃችን የዋለው ውለታ አይካድም፤ መብቱን ግን ለአዲሱ ዘፈን አልተጠቀመበትም። ወጣቱ የሙዚቃ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ክልከላውን ተዳፍሮ በ1969 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሸክላ አወጣ። የተመረጠው ድምፅ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የተገኘው ዓለማየሁ ነበር። ሸክላው ታትሞ የመጣው ከሕንድ ነው። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ በአምሃ ስም 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች ወጥተዋል።

የትንሹ ሸክላ አንድ ገጽታ ከሦስትና ከአራት ደቂቃ የበለጠ አይዝም። አንባቢ ይህን እንደ ተራ የዕቃ ጉዳይ እንዳይቆጥረው ያስፈልጋል። አዝማሪ የአድማጩን ፊት እያየ ስንኝ ይጨምራል፤ ሲሻው ያሳጥራል፤ ዘፈኑ የሚያልቀው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። በሸክላው ላይ ግን ሁሉም ነገር አስቀድሞ መለካት አለበት፤ ለካቹም አቀናባሪው ነው። ግርማ ከስልሳ በላይ ዘፈኖችን አቀናብሯል። በቅንብሮቹ ውስጥ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በአጭሩ በር ከፍተው ይመለሳሉ፤ ፒያኖው ጥቂት ድምፆችን ጣል አድርጎ ዝም ይላል። ዓለማየሁ በጄምስ ብራውን አኳኋን ሲጮኽ፣ ሲያቃስት፣ ትንፋሹን ሲቆራርጥ ያ ሁሉ የሚሰማው ይህ ባዶ ቦታ ስለተተወለት ነው። ቦታውን በጡሩምባ የሚሞላ ሌላ አቀናባሪ ቢያገኝ ኖሮ ጩኸቱ ጩኸት ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

«ፈረንጅ መኮረጅ ነው» የሚለው ወቀሳ ከልብስና ከጸጉር አበጣጠር አልፎ ወደ ዜማው ሲገባ ይዳከማል። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ኮኪት ላይ የተቀመጠ ሰው ከምሥራቅ የአማርኛውን፣ ከምዕራብ የሱዳኑን ዘፈን ለመስማት ቅርብ ነው፤ ከሁለቱም ወገን የሚደርሰው ዜማ በአምስት ድምፆች ላይ የቆመ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ ከኦርጋኑና ከሳክስፎኑ ሥር ያንኑ ስልት ለመለየት አስተማሪ አያሻውም። ተበድረው ያመጡት ምቱንና አለባበሱን ነው፤ ቅኝቱ ከቤት ነው።

ግጥሙን በተመለከተ ግን ምስጋናው መቀነስ ይኖርበታል። በፈጣኖቹ ዘፈኖች ስንኙ ለምቱ ሲባል ይቀነጠሳል፤ ጠብቆ መነበብ ያለበት ፊደል ይላላል፤ የፍቅር ቃላቱም ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ቢዛወሩ ልዩነቱ አይታወቅም። ሰሙ ሳይቀር ሳስቶ ወርቁን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ቀስ ባሉት ዘፈኖች ቃሉ ትንፋሽ ያገኛል፤ የዓለማየሁም ድምፅ ያን ጊዜ ከማንም ቅጂነት ይላቀቃል።

አምሃ በ1975 እ.ኤ.አ. ከሀገር ወጣ። ግርማ በ1981 እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ እዚያው ቀረ፤ ዓለማየሁ ሀገሩ ውስጥ ዘፈነ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የቀድሞዎቹን ሸክላዎች «ኢትዮፒክስ» በተሰኙት ተከታታይ ሲዲዎች ሰብስቦ ሲያወጣ 9ኛውና 22ኛው ቅጽ ለዓለማየሁ ተሰጡ። የሚገባው ነው። ግርማ ግን አንድ ሙሉ ቅጽ ያገኘው በ30ኛው ላይ፣ በ2017 እ.ኤ.አ.፣ «አካሌ ውቤ» ከተባለው የፈረንሳይ ቡድን ጋር ነው። አምሃና ዓለማየሁ በ2013 ዓ.ም. በወራት ልዩነት አረፉ።

በዚያ ዘግይቶ በመጣ አልበም ላይ የግርማ ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ለንግግር የቀረበ ነው። ከቡድኑ ተጫዋቾች አብዛኞቹ እነዚያ ሸክላዎች በወጡበት ጊዜ ያልተወለዱ ናቸው። እሱ ስንኙን ጨርሶ ዝም ሲል እነርሱም አይቸኩሉም፤ ለዓለማየሁ ይተውለት የነበረውን ያን ባዶ ቦታ አሁን ለእሱ ይተዉለታል።