ባዶው መንገድ ምን ይናገራል?

በዚህ እትም አንድ ሥዕል አብረን እንይ። “ቭላዲሚርካ” ይባላል። ሩሲያዊው ሠዓሊ ይስሐቅ ሌቪታን በ1892 እ.ኤ.አ. የሣለው ሲሆን፣ ዛሬ በሞስኮው ትሬቲያኮቭ ቤተ ሥዕል ይገኛል።

መጀመሪያ ስታዩት ምንም የለበትም ትላላችሁ። ሰፊ ሜዳ፣ ደመና ያጠላበት ሰማይ፣ ከፊታችሁ ተነሥቶ እስከ አድማስ የሚዘረጋ የአፈር መንገድ፤ በቃ። ይህ መንገድ ግን እስረኞች በሰንሰለት ታስረው በእግራቸው ወደ ሳይቤሪያ የተጋዙበት ነው። ሌቪታንም በዚያው ዓመት አይሁዳዊ በመሆኑ ከሞስኮ ተባረረ። ሆኖም በሥዕሉ ላይ አንድም እስረኛ የለም። ታዲያ ኀዘኑ ከየት መጣ?

ከአሠራሩ ነው። ቀለሙን አደብዝዞታል፤ ሰማዩን አክብዶታል። ዓይናችንን የሚያስቆም ዛፍ ወይም ቤት ከፊት ስለሌለ፣ መንገዱን የምንጀምረው እኛው ነን። በመንገዱ ዳር አንዲት መንገደኛ ቆማለች፤ በሩቁ ነጭ ቤተ ክርስቲያን እንደ ነጥብ ትታያለች። ተስፋው ትንሽ ነው፤ ግን አልጠፋም።

የእኛው ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ፣ በኋላ ሞስኮ ሄዶ የተማረው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የወሎን ረሃብ ሲሥል ሌላ ምርጫ አደረገ፤ ተጎጂዎቹን ራሳቸውን አሳየን። ተሸፍኖ የነበረ መከራ መታየት ነበረበትና ልክ ነበር። ሌቪታን ደግሞ ያለፉት ሰዎች ባዶ ቦታቸውን አሳየን። ሁለቱም ለማጽናናት አልቸኮሉም።

እኛ ግን እንቸኩላለን። በወጣቶች ፕሮግራም የምናቀርባቸው ግጥሞች በመጀመሪያው ስንኝ ያለቅሳሉ፤ በሦስተኛው እልል ይላሉ። ያዘነ ሰው ይህን ሲሰማ እንባው የተከለከለ ይመስለዋል። መዝሙር 88ን አንብቡ፤ በጩኸት ይጀምርና በጨለማ ያበቃል። ቢሆንም ጸሎት ነው፤ እግዚአብሔርም ከመጽሐፉ አላወጣውም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት በከሚሴ መሐል ያልፋል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ መስመር ቤቱን ጥሎ፣ ልጁን አዝሎ የሄደ ብዙ ነው። ከእናንተም መካከል ይኖራል። ነገ ማለዳ መኪና ሳይበዛ ወጥታችሁ መንገዱን እዩት። ከዚያ ሣሉት ወይም ጻፉት። ጥቅስ ለመጨመር አትጣደፉ። ያቺን ነጭ ነጥብ በሩቁ ካያችኋት ግን፣ ባያችሁበት ቦታና በልኳ አስቀምጧት።

ጌታ ይባርካችሁ።